ሌሊት ለሚያባንን ክፉ ትዝታ

ክፉ ነገር ያለፈበት ሰው ሌሊት ባንኖ ሲነሳ ያ ቀን አሁን የሆነ ይመስለዋል። "በቃ እርሳው" እዚህ ላይ አይሠራም።

ትራስጌ ክዳን ባላት ጠርሙስ አንድ እፍኝ የተቆላ ቡና አስቀምጡ፤ ጅማ ሆኖ ቡና የሚያጣ የለም መቼም። ስትባንኑ ባዶ እግራችሁን ሲሚንቶው ላይ አሳርፉ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። ድምፅ አውጥታችሁ "ጅማ ነኝ፣ ቤቴ ነኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው" በሉ። እንዲህ ያለ ትዝታ ቀንና ቦታ ይምታታበታል፤ ሽታውና ቅዝቃዜው ግን ሐሳብን ወደ አሁን ይጎትቱታል።

ማሽተት ነው ያልኩት! አፍልታችሁ ከጠጣችሁት እንቅልፉን ጭራሽ ያባርረዋል። የቡናው ሽታ ራሱ ያንን ቀን የሚያስታውሳችሁ ከሆነ ደግሞ በጤና አዳም ወይም በሎሚ ልጣጭ ቀይሩት።

ነገሩ ከወር በላይ ከዘለቀ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በንግግርም በመድኃኒትም ይታከማል።