አዲስ የብሉዝ አልበም እንዴት እንደማዳምጥ

አንድ የብሉዝ (ከጥቁር አሜሪካውያን የመጣ የሙዚቃ ስልት) ባንድ የራሱን አዳዲስ ዘፈኖች ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምከተለው ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን ነው። እናንተም በእግራችሁ ምት እየመታችሁ ቁጠሩ። አብዛኛው ብሉዝ በ12 ባር ይዞራል፤ አንዱ ባር 4 ምት ነው። ዘፈኑ በኤ ቁልፍ ከሆነ፣ ማለትም መነሻ ድምፁ ኤ ከሆነ፣ ኮርዶቹ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) እንዲህ ይከተላሉ፦ 4 ባር ኤ፣ 2 ዲ፣ 2 ኤ፣ ከዚያ 1 ኢ፣ 1 ዲ፣ በመጨረሻም 2 ኤ። ዙሩ ጆሯችሁ ውስጥ ከገባ ባንዱ የት ላይ እንዳፈነገጠ ወዲያው ይታወቃችኋል። እኔ የባንዱን ፈጠራ የምፈልገው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ግጥሙ። የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይመልስለታል፤ በየመሃሉ ጊታሩ ወይም ሃርሞኒካው እንደ ተቀባይ ዘፋኙን ይቀበለዋል። ይህን ቅብብል ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ!

ፈጣኖቹን ዘፈኖች ቆማችሁ ስሙ። በስልክ ስፒከር ግን አይሆንም፣ ቤዙ ይጠፋል።