ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ የተበላሸ ቁጥር መድረክ ላይ አይቃናም፦ አዳዲስ የላብ መምህራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ ሲደርስ የሜዲካል ላብራቶሪና የባዮሜዲካል ተማሪዎች ለዲፌንስ (የመመረቂያ ጥናታቸውን በገምጋሚዎች ፊት ለማስረዳት) ይቀርባሉ፤ ብዙዎቹም ይንተባተባሉ። ገምጋሚዎች "እንግሊዝኛው ነው የያዘው" ብለው ያልፉታል። አንዳንዴ ልክ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ግን ልጁ የሚንተባተበው ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከየትኛው የመስታወት ስላይድ፣ በምን ያህል ቅጥነት፣ በስንት ሰዓት ከተነበበ ናሙና እንደ መጣ ስለማያውቅ ነው። ላብን ለብቻ፣ ፕረዘንቴሽንን ለብቻ ማስተማር የሌላው ስህተት ሁሉ ሥር ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላብ ውስጥ ማስተማር ለጀመራችሁ ይህን ጻፍን። ጋዋን ይለበስ፣ በአፍ ፒፔት (ፈሳሽ መጥኖ መቅጃ) አይሳብ የሚለውን አንደግመውም።

ማሳየትን እንደ ማስተማር መቁጠር

አርባ ተማሪ አንድ ጠረጴዛ ከብቦ መምህሩ ስላይድ ሲቀባ ያያል። ከኋላ የቆሙት የሚያዩት የጓደኛቸውን ማጅራት ነው። ከዚያ "ፕራክቲካል ተሰጥቷል" ተብሎ ይፈረማል። ክፍሉን በስድስት ጣቢያ ከፍላችሁ በየ20 ደቂቃው አዟዙሯቸው፤ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ከሌለ አንዱ ጣቢያ በውኃ ብቻ ይሠራል። ለፒፔት የተሻለ መለማመጃም የለም፦ ተማሪው 1000 ማይክሮሊትር ውኃ አሥር ጊዜ እየቀዳ ሚዛን ላይ ያስቀምጥ። እያንዳንዱ 1 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ቁጥሮቹ ወደ ላይና ወደ ታች ከዋለሉ እጁ ገና ነው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሳቱ ፒፔቱ ካሊብሬሽን (ልኩ መስተካከል) ይፈልጋል፣ ወይም ልጁ ሲስብ የፒፔቱን ቁልፍ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ጨቁኖ ነው። ሲሳብ እስከ አንደኛው፣ ሲለቀቅ እስከ ሁለተኛው። ቲፑ (ፒፔቱ ጫፍ ላይ የሚሰካው) ፈሳሹ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ይጥለቅ፤ አውራ ጣት ቀስ ብሎ ይመለስ። ፈሳሽ የያዘ ፒፔት በጎኑ አይጋደምም።

እነዚያን አሥር ቁጥሮች አትጣሏቸው፤ የተማሪው የመጀመሪያ ሰንጠረዥ እነሱ ናቸው።

"አንድ ለአሥር"

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። በየዓመቱ፣ በየክፍሉ፣ ጎበዝ የሚባለው ሳይቀር 1 ሚሊሊትር ናሙና ወስዶ 10 ሚሊሊትር ማቅጠኛ ይጨምርበትና "አንድ ለአሥር ነው" ይላል። አይደለም፤ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። አንድ እጅ ናሙና ከዘጠኝ እጅ ማቅጠኛ ጋር ሲቀላቀል ነው ጠቅላላው አሥር የሚሆነው። "ልዩነቱ ትንሽ ናት" ይሏችኋል። አንዴ ብቻ ከሆነ እውነት ነው፣ 9 በመቶ ገደማ ናት። አራት ጊዜ በተከታታይ ሲያቀጥኑ ግን 10,000 ብለው የሚያባዙት በእውነቱ 14,641 ነው። ያም ማለት የባክቴሪያው ቁጥር ሲሶ ያህሉ ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሰኔ ላይ በደማቅ ቀለም ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ማንም አይነቃም፤ የሚነቃ ገምጋሚ ከተገኘ ደግሞ ሊስተካከል የሚችልበት ጊዜ አልፏል።

መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ጠቅላላው ስንት ሆነ?" ተማሪው መልሱን ደብተሩ ላይ ሳይጽፍ ፒፔት አያንሣ። ለጊምዛ (የደም ስላይድ ማቅለሚያ) ብትሉ፣ 10 በመቶ ማለት 1 ሚሊሊትር ጊምዛና 9 ሚሊሊትር ፒኤች 7.2 የሆነ በፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ ማቅጠኛ) ነው፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። በ3 በመቶ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ጠረጴዛ ለማጽዳትም ያው ነው፦ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ፣ 0.5 በመቶ ይወጣዋል፤ በየዕለቱ አዲስ ይበጥበጥ። በየደረጃው ቲፕ አለመቀየርም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው።

ወፍራሙን የወባ ናሙና ሜታኖል ማስነካት

ለወባ ምርመራ ደሙ ስላይድ ላይ በወፍራሙም በስሱም ይቀባል፤ ሜታኖል የሚነካው ስሱን ብቻ ነው። የወፍራሙ ቀይ የደም ሴሎች ፈርሰው ሄሞግሎቢናቸው መውጣት አለበት፤ ሜታኖል ከነካቸው አይፈርሱም፤ ጥገኛውም ከሥራቸው ተደብቆ ይቀራል። ሁለቱ አንድ ስላይድ ላይ ከሆኑ ሜታኖሉ ሲፈስ ወፍራሙ ከላይ እንዲሆን አዘንብሉት።

ሲቆጠር ደግሞ ጥገኛው ከ200 ነጭ የደም ሴል ጋር ተቆጥሮ፣ በማይክሮሊትር ደም 8000 ነጭ ሴል አለ ተብሎ ከተሰላ ውጤቱ ሁልጊዜ የ40 (8000 ለ200 ሲካፈል) ብዜት ነው። 200 ቆጠርኩ ብሎ "130 በማይክሮሊትር" የሚል የፕረዘንቴሽን ስላይድ ያቀረበ ተማሪ አንድ ቦታ ስቷል። ስሌቱን ሳታዩ ታውቁታላችሁ።

መንጠቆ ትልን "የለም" ማለት

ጣና ዳር በሚሠሩ የቢልሃርዝያና የአንጀት ትል ጥናቶች ካቶ ካትዝ (ሰገራን በግሊሰሪን አጥርቶ በማይክሮስኮፕ እንቁላል መቁጠር) የዘወትር ዘዴ ነው። ጠዋት ይዘጋጃል፣ ምሳ ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ይነበባል፤ ከዚያ ሠንጠረዡ ላይ የመንጠቆ ትል መጠን ዜሮ ይሆናል። ግሊሰሪኑ የመንጠቆ ትልን እንቁላል ያጠፋዋል፤ ስላይዱ ከተዘጋጀ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተነበበ አይታይም። የቢልሃርዝያው እንቁላል ቆይቶም ይነበባል፤ ተማሪው ሁለቱንም በአንድ ቀጠሮ ማንበቡ ነው ጥፋቱ። እያንዳንዱ ስላይድ ላይ የተዘጋጀበት ሰዓት ካልተጻፈበት ዜሮውን አትቀበሉ።

የመለኪያው ቀዳዳ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ ስለሚይዝ የተቆጠረው በ24 ይባዛል። ስለዚህ ከአንድ ስላይድ "37 እንቁላል በግራም" የሚባል ውጤት አይወጣም፤ ከሁለት ስላይድ አማካይም 36 ወይም 48 እንጂ 37 የለም።

ሰዓትና ቀን መቀላቀል

ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት፣ ልጁ በሐበሻ ሰዓት። የመድኃኒት ዲስክ ያለበትን ፕሌት (ባክቴሪያ የሚያድግበት ሳህን) ትናንት ከቀኑ 10 ሰዓት ኢንኩቤተር (ማሞቂያ ሣጥን) አስገብቶ ዛሬ ጠዋት ማሽኑ 10:00 ሲል ያወጣው ተማሪ፣ ደብተሩ 24 ሰዓት ይላል፤ የቆየው 18 ሰዓት ነው። ንባቡ ከ16 እስከ 18 ሰዓት መሆን ስላለበት ትክክል የሠራው ልጅ ስህተት የሠራ ይመስላል፤ የተገላቢጦሹም ይሆናል። የሪኤጀንት ጠርሙስ ላይ 2025 የሚለውን አይቶ በ2017 "ገና ስምንት ዓመት አለው" የሚል ተማሪም አይጠፋም፤ አትሳቁበት። አንድ አቆጣጠር ምረጡና በሩ ላይ ለጥፉት።

የደጋውን ከፍታ መርሳት

የአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) መመሪያ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፦ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። አየሩ ስለሚሳሳ ጌጁ 15 ሲያሳይ ደብረ ማርቆስ ላይ ውስጡ ወደ 117 ዲግሪ ነው። ለ121 ባሕር ዳር ላይ ወደ 18፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 19 ያስፈልጋል። ማሽኑ ይህን ግፊት ካልተፈቀደለት ሰዓቱን አራዝሙ እንጂ የደኅንነት ቫልቩን ማንም እንዳይነካካ። ቴርሞሜትር ካለው እሱን እመኑ። አየሩ በእንፋሎት ተገፍቶ ሳይወጣ ቫልቭ ከተዘጋም ጌጁ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን አይደርስም። ማፍላትማ ማምከን አይደለም፤ እዚህ ደጋ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው።

አጫጭሮቹ

የመስታወት ስላይድ ላይ በእርሳስ ይጻፍ፤ ማርከርን ሜታኖል ያጥበዋል። ሴንትሪፉጅ የሚመጣጠነው በቱቦ ቁጥር ሳይሆን በክብደት ነው። የዘይቱ ሌንስ 100 ነው፤ ዘይት የነካ ስላይድ ወደ 40 አይመለስ። በክረምት ማይክሮስኮፕ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሲሊካ ጄል አብሮት ይቀመጥ።

ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ማታ "አሳምሮ መገልበጥ" ግን አጭር አይደለም። ቁጥር የሚቀያየረው በዚያች ሌሊት ነው። ደብተሩ ቢቆሽሽ ይቆሽሽ፤ ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ቀንና ፊርማ ይቀመጥበት። ዲፌንስ ላይም ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ንግግሩን ለመጨረሻ ማቆየት

የጎጃም የቅኔ ተማሪ በየቀኑ ቅኔ ቆጥሮ (አዘጋጅቶ) ለመምህሩ ይነግራል፣ ወዲያው ይታረማል፤ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ በመጨረሻ አይጠየቅም። የእኛ ተማሪ ግን አራት ዓመት ሪፖርት ጽፎ ሲያበቃ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ የሚናገረው። በየሳምንቱ ላብ ሲያልቅ ሁለት ተማሪ፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ፣ አንድ ሰንጠረዥ። መጀመሪያ በአማርኛ "ምን አገኘህ? እንዴት አወቅህ?" በሉት፤ ከመለሰ በኋላ በእንግሊዝኛ ይድገመው። በአማርኛ ማስረዳት ያልቻለውን በእንግሊዝኛ እየሸመደደ ነው። በመሐል እያቋረጣችሁ ሰዋስው አታርሙ።

የፕረዘንቴሽኑን ስላይድ በተመለከተ፦ ከ24 ያነሰ ፊደል ከኋላ ወንበር አይነበብም። መጋረጃ በሌለው ክፍል ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ከነጭራሹ አይታይም፤ ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል። ከኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) የወጣውን ሰንጠረዥ እንዳለ መለጠፍ ይቅር። ሶፍትዌሩ ፒ-ቫልዩን (p-value) 0.000 ብሎ የሚያሳየው አሃዙን ቆርጦት ነው፤ ተማሪው "ከ0.001 ያነሰ" ብሎ ይጻፍ። ከስምንት ናሙና ሦስቱን "37.5 በመቶ" ከማለት "ከ8ቱ 3ቱ" ማለት ሐቀኛ ነው። ለክቡራን ሰላምታና ምስጋና ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ልጅ ውጤቱ ጋ ሲደርስ ሰዓት ያልቅበታል፤ ስምና ርዕስ ይበቃል።

ፋይሉ በፒዲኤፍም ይቀመጥ፤ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ፓወርፖይንቱ ይዘበራረቃል፣ ፍላሹም ቫይረስ ይዞ ይመጣል። መብራት ከሄደ ደግሞ ዋናው ሰንጠረዥ በወረቀት ታትሞ ለገምጋሚዎቹ ይታደል፤ ግራፉን ተማሪው ሰሌዳ ላይ በእጁ መሣል እንዲችል ከሳምንት በፊት አለማምዱት።