ደጋግሞ የሚተነፍሰውን ጎማ እንዴት እንዳዳንነው
ከለገጣፎ ተነሥተን ከጓደኛዬ ጋር በብስክሌት ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ፣ ሰንዳፋን እንዳለፍን የእርሱ የኋላ ጎማ ይተነፍስ ጀመር፤ በለጠፍነው ቁጥር ጥቂት ሄደን እንደገና እንቆማለን። መፍትሔው የተገኘው በቫልቩ ትይዩ የውጭውን ጎማ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገንበት የውስጡን ስናወጣ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በሙሉ ከቫልቩ በእኩል ርቀት፣ መሬት በሚረግጠው በኩል ስለነበሩ፣ ጥፋቱ የቸርኬው ሳይሆን የውጭው ጎማ መሆኑ ግልጽ ሆነ። (ወደ ቸርኬው በኩል ቢሆኑ የምንፈትሸው ቸርኬውን ነበር።) ከምልክቱ በዚያው ርቀት ላይ የውጭውን ጎማ ከውስጥ በጨርቅ ስንጠርገው ጨርቁ ተያዘ፤ ከከባድ መኪና ጎማ የሚረግፍ ቀጭን የብረት ክር ተሰክቶ ኖሯል። እንዲህ ያለው ክር ጎማው ክብደት ሲያርፍበት ወደ ውስጥ ስለሚወጋ፣ ሳይነቀል አዲስ የውስጥ ጎማ መግዛት ምንም አይፈይድም። በወረንጦ ነቅለን ለጠፍን፤ ደብረ ብርሃን እስክንገባም ጎማው አልተነፈሰም።