ከ110 ቱቦ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን እንዴት እንደሚሰራ፦ ለድሬዳዋ ሙቀት

የሮቶ ውኃ መጠን መቆጣጠሪያ ወይም የጫጩት ማሞቂያ ተርሞስታት ገጥማችሁ ሳጥን ከቸገራችሁ፣ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎችን እዩ። ባለጎማ ክዳን ጀንክሽን ቦክስ (የሽቦ መገጣጠሚያ ሳጥን) በልኩ ከተገኘ መድከም አያስፈልግም። የምግብ መያዣ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ግን ሥሩ ላይ 2፣ 4 ወይም 5 ቁጥር ካለበት ተራ ሙጫ አይዘውም፣ በብሎን ብቻ ነው የሚሠራበት። በስሪዲ ፕሪንተር ለማሠራት ካሰባችሁ ፒኤልኤ የሚባለውን የፕሪንተር ፕላስቲክ አትቀበሉ። 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የዋለ ጥቁር ሳጥን ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሌላው ዓይነት፣ ፒኢቲጂ፣ እስከ 80 አካባቢ ይችላል።

በልክ የሚሠራውና ወጪው ቀላሉ ግን ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ (ፒቪሲ ፕላስቲክ) ነው፤ ከግንባታ የተረፈ ቁራጭም ይሆናል።

ልኬት። ቦርዱን ብቻ ለክቶ መቁረጥ የተለመደ ስህተት ነው። አርዱዊኖ ኡኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) 68.6 በ53.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ጃምፐር ሽቦ ሲሰካበት ወደ ላይ ብቻ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳል፣ የዩኤስቢ ገመዱም ለመታጠፍ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉም ሽቦ ተሰክቶ ለኩ። ለኡኖ የውስጥ ስፋት 110 በ80፣ ቁመት 40 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ፕላስቲክ የሚቆረጠው ይህ ነው፦ ወለልና ክዳን 116 በ86 (2)፣ ረጅም ግድግዳ 116 በ40 (2)፣ አጭር ግድግዳ 80 በ40 (2)። ባለ 110 ቱቦ ሲዘረጋ ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ሁሉንም ያወጣል።

መዘርጋት። ቱቦውን በሰጌቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ መስመር ሰንጥቁት። አሮጌ የብረት ምጣድ ላይ ደረቅና የተነፋ አሸዋ (የደቻቱ ወንዝም ይሆናል፣ ጠጠሩ ከወጣለት) አፍስሳችሁ በከሰል አሙቁ፤ ቱቦውን አሸዋው ውስጥ ቅበሩ፣ እያገላበጣችሁም ጠብቁ። ነበልባል አይንካው። ፒቪሲ ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ እንደ ቆዳ ሲልመጠመጥ ደርሷል። ቡናማ ከሆነ ወይም አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ካወጣ ተቃጥሏል፦ የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሳንባ ይጎዳል። ሥራው ደጅ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ነው። በወፍራም ጓንት አውጥታችሁ በሁለት ሴራሚክ መካከል አድርጉና ክብደት ጫኑበት። እስኪቀዘቅዝ አትንኩት፤ ሳይበርድ የተነሳ ፕላስቲክ ተመልሶ ይጠቀለላል።

ይህ ባሕርዩ በኋላም አይለቀውም፤ እንደገና ከጋለ ወደ ቱቦነቱ ሊመለስ ይሞክራል። ፀሐይ ላይ የሚውል ሳጥን ነጭ ይቀባ፣ ጥላ ካለም ጥላ ይሻላል።

ማጣበቅ። ጠርዞቹን በሞረድ አስተካክሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የፒቪሲ ማጣበቂያ ሁለቱም ገጽ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አሟሙቶ ስለሚያዋህድ ወዲያው መጋጠም አለበት። ክዳኑን አታጣብቁ። ቦርዱ ከመግባቱ በፊት ሳጥኑ 24 ሰዓት ተከፍቶ ይደር።

የውስጥ መብራት ወይም ስክሪን የሚታይበት ክዳን ከፈለጋችሁ ማስታወቂያ ቤቶች 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ በሌዘር ይቆርጣሉ። የቱቦውን ፒቪሲ ግን ሌዘር ውስጥ አታስገቡ፤ ያው መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። አክሪሊክ በእጅ ስትበሱ ከሥሩ እንጨት አድርጉ፣ ትራፓኖውን በዝግታ አዙሩ፤ አለዚያ ፑንታው ሊያልፍ ሲል ይሰነጠቃል።

ቀዳዳዎች። ለ3 ሚሊ ሜትር ብሎን 3.2 ብሱ። ቦርዱ ወለሉን እንዳይነካ ከባዶ እስክሪብቶ ቀፎ 6 ሚሊ ሜትር እየቆረጣችሁ ከሥሩ አድርጉ። ኡኖ ላይ አንዱ ቀዳዳ ከፒን ሶኬቱ ጋር ስለሚጠጋ ሰፊ ጭንቅላት ያለው ብሎን አይገባበትም። ገመድ ሁልጊዜ በታችኛው ግድግዳ ይግባ፤ ፒጂ7 የገመድ ማጥበቂያ ከ3 እስከ 6.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ይይዛል፣ ቀዳዳው 12.5 ነው። የአየር ቀዳዳም ከታች በኩል፣ በወንፊት ተሸፍኖ፤ አቧራው ምሕረት የለውም።

12 ቮልትን በ7805 (ቮልቴጅ መቀነሻ ቺፕ) ወደ 5 የምታወርዱ ከሆነ፣ ግማሽ አምፒር ሲስብ 3.5 ዋት ሙቀት ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። ይህን ያህል ለትንሽ ዝግ ሳጥን ብዙ ነው፤ ባክ ኮንቨርተር (ሙቀት ሳያበዛ ቮልቴጅ የሚቀንስ ቦርድ) ተጠቀሙ። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ መሞላት የለበትም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። 220 ቮልት የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌይ ካለ ደግሞ ለእሱ የተገዛ ጀንክሽን ቦክስ ነው የሚያስፈልገው፣ ከቱቦ የተሠራው አይሆንም።