ካይላሽ ተራራ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ካይላሽ በምዕራብ ቲቤት የሚገኝ፣ 6,638 ሜትር ከፍታ ያለውና እንደ ቅዱስ የሚከበር ተራራ ነው። እዚያው አካባቢ በቁመት የሚበልጡት አሉ፤ በክብር ግን የሚደርስበት የለም። ስለሱ ሲወራ አንዳንድ ስህተቶች ይደጋገማሉ።

ትልቁ ስህተት ጫፉ ላይ መውጣትን ማሰብ ነው። ካይላሽ ይዞሩታል እንጂ አይወጡትም። በእኛ ቋንቋ ዑደት ብንለው ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዝነኛው ተራራ ወጪ ራይንሆልድ ሜስነር የመውጣት ዕድል ቀርቦለት እምቢ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ አንድ የስፔን ቡድን ሊወጣው ነው ሲባል ከብዙ አገር ተቃውሞ ተነሣ። በቲቤት ቡዲስቶች ትውፊት ጫፉ ላይ የደረሰው ባሕታዊው ገጣሚ ሚላሬፓ ነው። ቦን የሚባለው የቲቤት ነባር እምነት ሰው የሆነው ናሮ ቦንቹንግ ማን ቀድሞ ጫፉ ላይ እንደሚደርስ ከእሱ ጋር ተወዳድሮ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ከበሮው ላይ ተቀምጦ ሽቅብ በረረ። ሚላሬፓ ግን ሳይቸኩል ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቀና በጨረሯ ተሳፍሮ ቀደመው ይላሉ።

ሁለተኛው፣ ካይላሽንና ሜሩን አንድ ማድረግ ነው። ሜሩ በጥንቱ የቡድሂዝም ድርሳን የዓለም እምብርት ነው። ፀሐይና ጨረቃ ይዞሩታል፣ በአራቱ ማዕዘን አራት አህጉራት አሉ፣ አናቱ ላይ 33ቱ አማልክት ይኖራሉ። ካርታ ላይ አትፈልጉት። ብዙ ምእመናን ካይላሽን የሜሩ ምድራዊ አምሳል አድርገው ያዩታል፤ መምታታቱም የመጣው ከዚህ ነው። የታንዛኒያው ሜሩ ተራራ ደግሞ ሌላ ነው፤ የስም መገጣጠም እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ካይላሽ የቡዲስቶች ብቻ ነው ማለትም ልክ አይደለም። ለሂንዱዎች የአምላካቸው የሺቫ መኖሪያ ነው፤ ጄይኖች (የሌላው የሕንድ ጥንታዊ ሃይማኖት ተከታዮች) እና የቦን ተከታዮችም ያከብሩታል። ቡዲስቶችና ሂንዱዎች ተራራውን ወደ ቀኝ አድርገው በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ቦኖች በተቃራኒው። ስለዚህ ከፊት ለፊታችሁ የሚመጣውን ሰው «መንገድ ተሳስተሃል» እንዳትሉት!

መጨረሻ ላይ፣ መቸኮል። ዙሩ 52 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ቲቤታውያን በአንድ ቀን ይጨርሱታል፤ በየእርምጃው እየሰገዱ የሚሄዱት ግን ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። እናንተ ሦስት ቀን ያዙለት። በዙሩ መንገድ ላይ ያለው የዶልማ ላ ተራራ መተላለፊያ ከ5,600 ሜትር በላይ ስለሆነ በትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል ነው። አስቀድማችሁ ጥቂት ቀን ከፍታውን ተላመዱ። ራስ ምታቱ ከበረታና ማስመለስ ከመጣ፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ሳትሉ ወዲያው ወደ ታች ውረዱ።