የመንግሥት ግዥን ለመምራት ከየት መምጣት ይሻላል? የጎደላችሁን ቀድማችሁ የምትሞሉበት መንገድ

«የግዥ ዳይሬክተር ለመሆን ምን ልማር?» የሚል ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይደርሰኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የአንድ ዲግሪ ስም ነው። እንዲህ ያለ ዲግሪ የለም። የመንግሥት ግዥን የሚመሩ ሰዎችን የሥራ ታሪክ ብታገላብጡ የሕግ ባለሙያ ታገኛላችሁ፣ መሐንዲስ ታገኛላችሁ፣ የሒሳብ ሰው፣ ኦዲተር፣ ስቶር ውስጥ ያደገ፣ ከግል ኩባንያ የመጣ፣ መድኃኒት ሲገዛ ኖሮ ሌላውንም ግዥ የተረከበ ፋርማሲስት ሳይቀር። ሁሉም ወንበሩ ላይ ደርሰዋል። ልዩነቱ የሚታየው ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ኦኢሲዲ፣ አባል አገሮች የመንግሥት ግዥ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 13 በመቶ ገደማ ይይዛል። ይህን የሚያህል ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ሰው የሚያወጣው የራሱን አይደለም፣ የሚሠራበትን ደንብ እሱ አልጻፈውም፣ የተሸነፈው ተጫራች ደግሞ በማግስቱ አቤቱታ ይዞ ሊመጣ መብት አለው። የግል ኩባንያ ገዢ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ አይገጥሙትም።

ስለዚህ ስለ ዲግሪው መጨነቁን ለጊዜው ተዉትና አንድ ወረቀት አምጡ።

ወረቀቱ ላይ የአንድን ግዥ ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፉ። ፍላጎት ይለያል፣ ዕቅድና በጀት ይያዛል፣ ስፔስፊኬሽን (የሚገዛው ነገር ምን ማሟላት እንዳለበት የሚገልጸው መግለጫ) እና የጨረታ ሰነድ ይዘጋጃል፣ ጨረታ ይከፈታል፣ ይገመገማል፣ ውጤት ይገለጻል፣ አቤቱታ ካለ ይታያል፣ ውል ይፈረማል፣ ውሉ ይተዳደራል፣ ርክክብና ክፍያ ይከተላል። አሁን በራሳችሁ እጅ የሠራችሁት ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ። «ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ» አይቆጠርም። ቃለ ጉባኤ ላይ መፈረምና ግምገማውን ቁጭ ብሎ መሥራት የተለያዩ ናቸው፣ ይህን የማያውቅ የግዥ ሰው የለም።

ምልክቶቹ አንድ አካባቢ ተሰብስበው ታያላችሁ። የሁሉም ሰው ወረቀት እንዲህ ነው። ባዶ የቀረው ቦታ ደግሞ ስትሾሙ የምትሰናከሉበት ነው።

የሕግ ባለሙያ ከሆናችሁ ምልክታችሁ ሰነዱ፣ አቤቱታውና ውሉ ላይ ይበዛል። ትልቅ ሀብት ነው፤ አቤቱታ ሲመጣ አትደነግጡም፣ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ከሕግ የመጣ ኃላፊ ጨረታን የሚያየው እንደ ክርክር ነው፣ ማለትም ዋናው ነገር አለመሸነፍ ይሆናል። እያንዳንዱ አቤቱታ አንድ አዲስ መስፈርት፣ አንድ አዲስ የምስክር ወረቀት፣ አንድ አዲስ «ከዚህ ውጭ የቀረበ ሰነድ ውድቅ ይሆናል» ይወልዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰነዱ በሕግ እንከን የለሽ ይሆናል፣ ተጫራቹ ግን ሁለት ብቻ ይቀራል። ትንንሾቹ አቅራቢዎች ያን ሁሉ ወረቀት ማን ያሟላል ብለው ትተውታል። መፍትሔው አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስዶ የራስን የጨረታ ሰነድ እንደ ተጫራች ለመሙላት መሞከር ነው። ቀልዴን አይደለም፣ በእውነት ሙሉት። ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ መዝግቡ።

መሐንዲሶች ደግሞ በተቃራኒው ዕቃውን ያውቁታል። በግንባታ ዘርፍ ያደጉት የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊዲክ፣ ካዘጋጃቸው መደበኛ ውሎች ጋር ስለሚኖሩ የውል አስተዳደርም አላቸው። ለምሳሌ በ1999 እኤአ የወጣው ቀይ መጽሐፍ የሚባለው የፊዲክ የግንባታ ውል ሥራ ተቋራጩ ለተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ጥያቄ ካለው ምክንያቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ በ28 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት ይላል፤ ካለፈው መብቱን ያጣል። ሳይት ላይ የሠራ ሰው ይህችን 28 ቀን በእንቅልፍ ልቡም ይቆጥራታል፣ ቢሮ ውስጥ ብቻ የኖረ ሰው ግን ውሉ ውስጥ መኖሯንም አያስተውልም። የመሐንዲሱ ጉድለት ስፔስፊኬሽን ላይ ነው። ጥሩ ነው ብሎ የሚያምንበትን ዕቃ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ከዚያ መግለጫውን የሚጽፈው ያን ዕቃ እያየ ነው። ጉቦ አልበላም፣ ክፋትም የለበትም፣ ግን ወጥቶ ሲታይ መግለጫው ለአንድ አቅራቢ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ልምምዱ ይኸውላችሁ። የጻፋችሁትን መግለጫ ውሰዱና እያንዳንዱን መስመር «ይህ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ነው ወይስ ዕቃው ምን እንደሚመስል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመስለውን የሚናገረው መስመር ሁሉ ምክንያት ይጻፍለት፣ ምክንያት ካልተገኘ ይውጣ።

ከፋይናንስ የመጣ ሰው በጀትና ክፍያን ይዟል፤ ጉድለቱ ዝቅተኛውን ዋጋ እንደ መልስ ማየቱ ነው። ዓለም ባንክ ከሐምሌ 2016 እኤአ ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የግዥ ማዕቀፍ ገንዘቡ ያስገኘው ጠቅላላ ጥቅም ይታይ የሚለውን ከመርሆዎቹ አንዱ ያደረገው በከንቱ አይደለም። በርካሽ የተገዛ ጄኔሬተር ነዳጁና መለዋወጫው ተደምሮ ውድ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ሰው ይህን ለማስላት ከማንም ይልቅ የተመቸ ነው፣ ብቻ ስሌቱን ከመግዣው ቀን አሳልፎ እስከ መጣያው ቀን ይውሰደው።

ኦዲተር ኃላፊ ሲሆን አንድ የሚገርም ነገር አይቻለሁ። ስህተትን ከሩቅ ያሸታል፣ መወሰን ግን ይከብደዋል። ሥራው ሁልጊዜ ከተፈጸመ ነገር ጋር ነበር፤ ገና ያልተፈጸመ፣ ግማሽ መረጃ ያለው፣ ነገ ካልተወሰነ የሚበላሽ ነገር ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ «ተጨማሪ ማብራሪያ ይቅረብ» ብሎ ይመልሰዋል። ፋይሉ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል፣ በዚህ መሀል የዋጋው ፀንቶ መቆያ ቀን ያልፍና ጨረታው ይሰረዛል። ከኦዲት ከመጣችሁ በሥራችሁ ለእያንዳንዱ ፋይል የመወሰኛ ቀን ቁረጡና ቀኑን ሽፋኑ ላይ ጻፉት።

ሰው የሚንቀው ግን እኔ በጣም የማከብረው አንድ መነሻ አለ፦ ንብረት ክፍል። ስቶር ውስጥ ያደገ ሰው የተገዛው ዕቃ መጨረሻው ምን እንደሆነ ያየ ብቸኛው ሰው ነው። ሳይከፈት አቧራ የጠጣውን ካርቶን ያውቀዋል። ጊዜው ያለፈበትን ኬሚካል ማን እንደጠየቀው ያውቃል። በየዓመቱ መጨረሻ በጀት እንዳይመለስ ተብሎ የሚገዛውን ነገር በስሙ ይጠራላችኋል። ስለ ፍላጎት ጥናት ብትጠይቁት ከማንም የተሻለ ይነግራችኋል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ድፍረትና የሕጉ ቋንቋ ነው፣ ይህ ደግሞ በትምህርት የሚሞላ ነው። የሌሎቹ መነሻዎች ጉድለት ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞላም።

ከግል ኩባንያ መምጣትስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገበያውን ያውቃሉ፣ ይደራደራሉ፣ ቶሎ ይወስናሉ። ብሪታንያ ከፍተኛ የግዥና የውል ባለሙያዎቿን ከግሉ ዘርፍ ጭምር በሰፊው ስትቀጥር ቆይታለች፣ የአቅም መመዘኛ ማዕከልም አቁማላቸዋለች። ግን የመጀመሪያው ወር ላይ የሚገጥማቸው ግድግዳ አንድ ነው። በግል ቤት የሚያምኑትን አቅራቢ ስልክ ደውለው «ዋጋህን አስተካክልና እንጨርስ» ይሉታል። በመንግሥት ጨረታ ግልጽ ውድድር ላይ ያንኑ ቢያደርጉ በሌሎቹ ተጫራቾች ላይ ያደሉ ይሆናሉ። ድርድር የሚፈቀድበት የግዥ ዘዴ አለ፣ የማይፈቀድበት አለ፣ ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። ከግሉ ዘርፍ ለምትመጡ ምክሬ፣ ከመቀጠራችሁ በፊት በ2011 እኤአ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የንግድ ሕግ ኮሚሽን የመንግሥት ግዥ ሞዴል ሕግ አንብቡ። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፣ ግን የትኛው ዘዴ መቼ እንደሚፈቀድ፣ ተሸናፊ እንዴት እንደሚከራከር፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ለምን እንደሚጠበቅ አመክንዮው እዚያ በአንድ ቦታ ተቀምጧል። በአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ውጤቱ በኤሌክትሮኒክ ከተገለጸ ውል ለመፈረም ቢያንስ 10 ቀን ይጠበቃል። ከነጋዴ ቤት ለመጣ ሰው ይህ ቀን ማባከን ይመስላል፤ ለተሸነፈው ግን አቤት ለማለት ያለችው ጊዜ እሷ ናት።

ወደ ግል ቤት መመለሱም ጣጣ አለው። ዳርሊን ድሩየን በአሜሪካ አየር ኃይል የግዥ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበረች። ከቦይንግ ጋር ስለ ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላኖች እየተደራደረች በጎን ስለ ራሷ ቅጥር ከዚያው ኩባንያ ጋር ተነጋገረች። በ2003 እኤአ መጀመሪያ ቦይንግ ገባች፣ በ2004 እኤአ ደግሞ 9 ወር እስር ተፈረደባት። ቢል ክሮዘርስ አክሰንቸር ከተባለው አማካሪ ኩባንያ ተነሥቶ የብሪታንያ መንግሥት ዋና የንግድ ኃላፊ፣ ማለትም የግዥው አለቃ፣ እስከመሆን ደርሷል፤ ገና የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ በ2015 እኤአ ግሪንሲል የተባለ የፋይናንስ ኩባንያ አማካሪ ሆኖ መሥራት መጀመሩ በ2021 እኤአ ሲታወቅ ትልቅ ጫጫታ አስነሣ። እሱ ፈቃድ ነበረኝ ባይ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም፣ ግን ከሁለቱም የሚወሰደው ሥራ ተመሳሳይ ነው፦ ከየት እንደመጣችሁ፣ የማን አክሲዮን እንዳላችሁ፣ ዘመድ የት እንደሚሠራ በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አስገቡ። የቅጥር ወሬ ከአቅራቢ ከመጣም በዚያው ቀን አሳውቃችሁ ከፋይሉ ውጡ።

በግዥ ክፍል ውስጥ ብቻ ያደጋችሁም አላችሁ፣ ከጀማሪ ገዢነት ተነሥታችሁ። ጉድለት የለብንም ካላችሁ ወረቀታችሁን ድጋሚ እዩት። ብዙ ጊዜ ውል ከተፈረመ በኋላ ያለው ባዶ ነው። አሸናፊው ሲገለጽ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል፤ ለተጠቃሚው ክፍል ገና የተጀመረው ያኔ ነው።

እሺ፣ ባዶው ቦታ እንዴት ይሞላ? ሥልጠና መውሰድ አንዱ መንገድ ነው። የግዥና አቅርቦት ቻርተርድ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ሲፕስ የሚባለው፣ በ1932 እኤአ የተመሠረተ ሲሆን ደረጃ በደረጃ የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ በብዙ አገር ይታወቃል። የአውሮፓ ኮሚሽን ደግሞ በ2020 እኤአ ለግዥ ባለሙያዎች 30 ብቃቶችን የዘረዘረ ማዕቀፍ አውጥቷል፣ ራስን የመመዘኛ መጠይቅም አለው። የአውሮፓ ሰው ባትሆኑም መጠይቁን ሙሉት፣ ከላይ ያልኳችሁን ወረቀት በዝርዝር የሚሠራ ነው።

ሰርተፊኬት ብቻውን ግን ባዶውን አይሞላም። ከሥራችሁ ሳትወጡ የሚሞሉ አሉ። ውል አስተዳደር ከጎደላችሁ አንድ የሚሄድ ውል ለምኑና ከርክክብ እስከ መጨረሻው ክፍያ ተከተሉት፣ ትንሽ የጽዳት አገልግሎት ውልም ቢሆን ያስተምራል። አቤቱታ ከጎደላችሁ የውሳኔ ፋይሎችን አንብቡ፤ በተለይ መሥሪያ ቤት የተሸነፈባቸውን፣ ያሸነፈባቸው ብዙም አያስተምሩም። ገበያ ከጎደላችሁ የተሸነፉ ተጫራቾችን ለምን እንደተሸነፉ የማስረዳቱን ሥራ እናንተ ውሰዱ። ማንም አይፈልገውም፣ ስለዚህ በደስታ ይሰጧችኋል። ከአንድ የተናደደ ተሸናፊ ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ስለ ሰነዳችሁ የሚነግራችሁን ማንም አሠልጣኝ አይነግራችሁም።

ከዚያ ሲቪያችሁን አስተካክሉ። «በግዥ ዘርፍ የ12 ዓመት ልምድ» ምንም አይልም። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ዓይነት የጽሕፈት ዕቃ ሲገዛ የኖረም ሊሆን ይችላል። በየትኛው የግዥ ዘዴ፣ ምን ዓይነት ዕቃ ወይም አገልግሎት፣ በምን ያህል መጠን፣ የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደነበር ጻፉ። የተሰረዘ ጨረታ ካላችሁ አትደብቁት። አንድ ጊዜ ከጠያቂዎች ጋር ተቀምጬ ለአመልካቾች ሁሉ «የሰረዛችሁት ጨረታ ካለ ንገሩን» ብለን ጠይቀን ነበር። ብዙዎቹ «የለም» አሉ። አንዷ ግን ስፔስፊኬሽኑ ስህተት እንደነበረው ራሷ አግኝታው ኮሚቴውን አሳምና እንዳሰረዘች፣ አለቃዋ ለሁለት ሳምንት እንዳኮረፋት፣ በድጋሚ ሲወጣ ተጫራቹ ከ2 ወደ 7 እንዳደገ ተረከችልን። መነሻዋ ስቶር ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሰዎች ሌላ ጥያቄ አልጠየቅናትም።

ተሹማችሁ ስትገቡ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ፋይል አስመጡ፦ በቅርቡ አቤቱታ የቀረበበትን፣ አንድ ተጫራች ብቻ የቀረበበትን፣ ውሉ ሦስት ጊዜ የተራዘመውን። ሦስቱንም ራሳችሁ ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ አንብቡ፣ ማጠቃለያ አታሠሩ። አንዱን ስታነቡ ቶሎ ቶሎ ይገባችኋል፣ ሌላው ላይ ግን ገጹን እየገለበጣችሁ ምን እንደምትፈልጉ እንኳ አታውቁትም። ምክትል ስትመርጡ ያን ያልገባችሁን ፋይል በደንብ ማንበብ የሚችል ሰው ፈልጉ።