ነፍሰ ጡር ሆነሽ ቀልብሽን መሰብሰብ እንዴት ትለማመጃለሽ?

ከወለድሽ በኋላ ጠያቂ አይጠፋም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ገንፎው ይቀርባል፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «አንቺስ፣ ውስጥሽ ደህና ነው ወይ?» የሚል ግን እምብዛም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፣ ከሁሉም በላይ ድባቴ። ከአምስት እናቶች አንዷ ማለት ነው።

ስለዚህ እንቅልፍሽ ሳይቆራረጥ፣ ገና በእርግዝናሽ ጊዜ ቀልብ የመሰብሰቡን ልምምድ ጀምሪ፤ አሁን የሚሆነውን ሳትፈርጂ ልብ ማለት ነው። ማይንድፉልነስ የሚባለውን ይህን ልምምድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ወደ ሕክምና ያስገባው አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን ነው። አዋላጇ ናንሲ ባርዳኪ ደግሞ ለወሊድ በሚሆን መልኩ አዘጋጅታ በ1998 ማስተማር ጀመረች። የምትጸልዪ ከሆነ ጸሎትሽን አይተካም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል።

መጀመሪያ በቀን አሥር ደቂቃ ያዢ። ወንበር ላይ ተደግፈሽ ተቀመጪ። ሆድሽ ከገፋ በጀርባሽ አትተኚ፣ በጎንሽ ጋደም በይ። አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊና ትንፋሽሽ ሲገባና ሲወጣ ተከታተዪ። ሐሳብሽ ወደ ቤት ኪራዩ ወይም ወደ ሐኪም ቀጠሮው መሄዱ አይቀርም። ራስሽን አትቆጪ፤ ወደ ትንፋሽሽ ተመለሺ። ሥራው ይኸው መመለሱ ነው። ሕፃኑ ሲራገጥም እሱኑ አዳምጪ።

አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ እየኖርሽ ጸጥታ አትጠብቂ። የታክሲ ጡሩምባው፣ የረዳቱ ጥሪ ይመጣል። ይምጣ፤ ሰምተሽ አሳልፊው። ለእርግዝና ክትትል ሄደሽ ካርድሽን ይዘሽ ወረፋ የምትጠብቂበት ሰዓትም ጥሩ የልምምድ ጊዜ ነው። ዓይንሽን መጨፈን ካስፈራሽ ደግሞ ገልጠሽው ይሁን።

መጨረሻዎቹ ወራት ላይ ለምጡ ተዘጋጂ። የበረዶ ቁራጭ ለአንድ ደቂቃ በእጅሽ ያዢ። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ መዳፍሽ መደንዘዝ ይጀምራል፤ «ልጣለው» የሚል ሐሳብም ይመጣል። ሁሉንም እያየሽ ተንፍሺ። ከዚያ አስቀምጪውና አንድ ደቂቃ እረፊ። እረፍቱንም ልብ በዪው። ምጥ ሲጠነክር አንዱ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ፋታ ይሰጣል። ብዙዎቻችን ፋታውን የሚቀጥለውን ምጥ በመፍራት እናባክነዋለን። በእኔ እምነት ከልምምዶቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ከወለድሽ በኋላ አሥር ደቂቃ አታገኚም። ጡት ስታጠቢ ሦስት ትንፋሽ ተከታተዪ፣ የሕፃኑን የራስ ቅል ሙቀት በመዳፍሽ ስሚ፤ ይበቃል። «እማዬ፣ ልጁን ያዢልኝ፣ ትንሽ ልተኛ» ማለትንም አትፈሪ። ጠያቂ ሲበዛ በሩ ላይ ማን «ተኝታለች» እንደሚል ከባለቤትሽ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

አሁን በጣም አስፈላጊው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ከዚያ ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምንም ካላስደሰተሽ፣ ልምምድ ብቻውን አይበቃም። ድባቴ ሕክምና አለው። ክትትል ወደነበረሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የኤደንብራ መጠይቅ የሚባል፣ ስላለፉት 7 ቀናት ስሜትሽ የሚጠይቅ 10 ጥያቄ ያለው መለኪያ አለ፤ በአማርኛ ተዘጋጅቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተፈትሿል። እንዲጠይቁሽ ንገሪያቸው።

ራስሽን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ብቻሽን አትሁኚ፤ የቤት ሰው ይዞሽ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ያድርስሽ። ከየት እንደምትጀምሪ ከጠፋሽ ለነርሷ እንዲህ በያት፦ «ከወለድኩ ጀምሮ እኔ እኔን አልመስልም፤ ሐኪም አገናኚኝ።»